ለመንገድ የሚከፈት ክፍል

ያ ክረምት ከባድ ነበር። ዝናቡ በግንቦት ገባና አልወጣም። የተዘራው ሰሊጥ ውኃ ተኛበት፣ ቢጫ ሆነ። እንደገና ተዘራ፤ እንደገና ተኛበት። ለአረም ከደጋ የወረደው ሠራተኛ ወባ ሲገባ ግማሹ ጥሎ ወጣ፣ ግማሹ መውጣት አቃተው። የሽንፋ ወንዝ ሞልቶ መንገዱን ቆረጠው። መድኃኒት አለቀ። ለቅሶ የሚደርስ ጤነኛ ስላልነበረ ሬሳ በዝምታ ይቀበር ነበር።

በዚያ ክረምት መለሰ ታመመ። መለሰ ከጎጃም ለአረም መጥቶ ሽንፋ የቀረ የቀን ሠራተኛ ነው። ሚስቱን የዚያኑ ሰሞን ቀብሯል። የቀረችው አንዲት ትንሽ ልጅ ናት፤ ትርንጎ ትባላለች። አባቷ ራሱን ስቶ ሲወድቅ ወጥታ ጎረቤት ደጅ ላይ ቆመች። አላለቀሰችም፣ አልተናገረችም። ቆመች ብቻ።

ደጁ የእታፈራሁ ነበር። እታፈራሁ የባለ መሬቱ የጎሹ ሚስት ናት። በመንደሩ የጣውላ በር ያለው ቤት የእሷ ብቻ ነው። ሌላው ሰው ቤቱን የሚዘጋው በቆርቆሮ ወይም በማሽላ አገዳ ነው። የእሷ በር የዋንዛ ነበር፤ ጎሹ ሲያገባት ከጎንደር በጭነት መኪና ያስመጣላት። ልጅቷን አየች። ወደ ጎጆዋ ሄዳ ሰውየውን አየች። ቃሬዛ የሚሆነው እንጨት ሁሉ በስብሷል። ተመልሳ በሩን ከማጠፊያው አስነቀለችና "በዚህ ተሸከሙት" አለች።

ወንዙ ላይ ሰውየውን በገመድ አሻገሩት። በሩን ውኃው ወሰደው። መለሰ ሸሕዲ ከተማ ደርሶ ታከመ፣ ዳነ።

እታፈራሁ ያንን ክረምት በር በሌለው ቤት ከረመች። እንዴት እንደከረመች የጠየቃት የለም። መስከረም ሲጠባ ጎሹ የቆርቆሮ በር አስገጠመላት። ነፋስ በነካው ቁጥር ይንቋቋል።

መለሰ አቅም ሲያገኝ ከቋራ በኩል የዋንዛ ግንድ ገዛ፣ አስሰነጠቀ፣ ጣውላውን ተሸክሞ መጣ።

"በርዎን ልመልስ" አላት።

"የሰጠሁት ለአንተ አይደለም፤ ለላይኛው ነው" አለችው። "መልሼ ከተቀበልኩ በወዲያኛው ዓለም ምን ይዤ ልቀርብ ነው?"

የተናገረችው ከልቧ ነበር። መለሰ ግን የሰማው ሌላ ነው። ከቀን ሠራተኛ እጅ አልቀበልም ያለችው መሰለው። ጣውላውን መልሶ ጎጆው ጣሪያ ሥር፣ አግዳሚው ላይ ጫነው። ትርንጎ ከዚያ ጣውላ በታች እየተኛች አደገች።

"አባዬ፣ ይህ የማነው?" ብላ ጠይቃው ነበር።

"የሰው ነው።"

ከዚህ በላይ አልነገራት፤ መንደሩ ግን የቀረውን ነገራት።

ዓመታት አለፉ። ጎሹ ሞተ፤ መሬቱና ትራክተሩ ለአንድ ልጁ ለስንሻው ቀሩ። ትርንጎ ተማረች፤ አዋላጅ ነርስ ሆና ሸሕዲ ተመደበች። ሁለቱ ቤቶች ግን አይጠያየቁም። ጠብ የለም፣ ሰላምታ አለ። መለሰ እታፈራሁን ባየ ቁጥር አንገቱን ይደፋል። እታፈራሁ ደግሞ አንገቱን የደፋ ሰው ማየት ስለማትወድ መንገድ ትለውጣለች።

ስንሻውና ትርንጎ አድገው የተያዩት ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከጎንደር ሲመለሱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሰላም ተባባሉ፣ ወሬ አለቀባቸው። አይከልን ሳያልፉ እሷን እንቅልፍ ጣላት። ጭንቅላቷ ትከሻው ላይ አረፈ። እሱ ከዚያ በኋላ አልተንቀሳቀሰም። ሸሕዲ ሲደርሱ "ወራጅ አለ" ማለት ነበረበት። አላለም። መኪናው አለፈ። መተማ ዮሐንስ፣ ኬላው ፊት ሲቆሙ ነቃች።

"የት ነን?"

"ድንበር።"

"ሸሕዲስ?"

"አለፈን።"

"አንተስ ወዴት ነበርክ?"

"ሸሕዲ።"

አየችው። እሱ መስኮቱን አየ። የሸሚዙ ስፌት ጉንጯ ላይ ታትሟል። ብዙ ወንድ ሴትን የሚወደው ስትስቅ አይቶ ነው። ስንሻው የወደዳት ተኝታ አይቶ ነው። በመልሱ መንገድ ሁለቱም አልተናገሩም፤ ሁለቱም ግን መንገዱ አጠረባቸው።

ነገሩን ለእናቱ ሲነግራት እታፈራሁ ደጇ ላይ ተቀምጣ ለዶሮዎቿ ማሽላ ትበትን ነበር።

"የመለሰን ልጅ?"

"አዎ፣ እመይ።"

"ሰው ምን ይላል?"

"የጎሹ ልጅ የአረም ሠራተኛ ልጅ አገባ ይላል።"

"እሱስ አልፎ ይሄዳል" አለች። እፍኝ ማሽላ በተነች። "እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው። ሸሕዲ ቤት ሠርተህ ልትወስደኝ ነው። እሷ ማታ ለሥራ ትወጣለች፤ እኔ በዶሮ ጩኸት ለጸሎት እነሳለሁ። እሷ ቀን ትተኛለች፤ እኔ ቀን ፍየል አባርራለሁ፣ እንግዳ እቀበላለሁ። አንተ ሠራተኛ ሰብስበህ ትጮኻለህ። በአንድ ጣሪያ ሥር ሦስት አገር።"

"ታዲያ ምን ይሁን?"

"ቤቱን እንደየሰዉ ሥራው።"

ዘንጓን አንስታ አፈሩ ላይ ጫረች። ይህ የእኔ አለች። ይህ ያንተ። ከሁሉ ራቅ ያለው ማዕዘን ላይ ደርሳ ዘንጉን ተከለች።

"ይህ የእሷ። በሩ ለብቻው ይሁን፣ ወደ መንገድ።"

ለምን እንደሆነ አላስረዳችም። ስንሻው ያ ሚኒባስ ትዝ አለው፤ ነገሩ ገባው። ደስ አለው። ደስ ሲለው ደግሞ አይናገርም።

በጥር ኸሊል ግንበኛው ችካል ተከለ፣ ሲባጎ ወጠረ፣ ኖራ ነስንሶ የቤቱን መልክ መሬት ላይ አወጣው። ኸሊል የድንበር ሰው ነው፤ ዘመዱ ግማሹ ወዲህ ግማሹ ወዲያ። ትርንጎ ላግባሽ ሲላት እሺ ብላው ነበር፤ ቤቷን ልታይ ስትመጣ ኖራውን ተሻግራ ቆመች።

"ሲስተር፣ ጫማሽን አውልቂ እንጂ" አለ ኸሊል። "ሳሎን ገብተሻል።"

"ምንጣፉ የታለ?"

"ገና እየተሠራ ነው። ካርቱም አዘናል።"

ሳቀች። ስንሻው ፊት ፊት እየሄደ ያሳያት ጀመር። ስለ ቤቱ ሲናገር ቃል አያጥረውም ነበር።

"ይህ የእመይ ነው። ወለሉ አፈር ይሆናል፤ ሲሚንቶ እግሬን ይበላኛል ትላለች። ከኋላ ዶሮና ፍየሏ። መስኮቱ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ነው፣ ደወሉን እንድትሰማ። ይህ የእኔ ነው። ሰሊጡ፣ ዘይቱ፣ የትራክተሩ ዕቃ። ሠራተኛ በዚህ ገብቶ በዚህ ይወጣል፤ የእመይን ግቢ አይረግጥም። መካከሉ ግድግዳ የሌለው ዳስ፣ ራኩባ ነው፤ ጥላው ሥር ሁላችንም አብረን እንበላለን።"

"በምዕራብ በኩል መስኮት የለውም?"

"የከሰዓት ፀሐይ ምን ያደርግልናል? ግድግዳውን አወፈርኩት።"

ደስ አላት። ለዶሮም፣ ለዘይትም፣ ለነፋስም የታሰበበት ቤት አይታ አታውቅም። መጨረሻ ላይ ራቅ ወዳለው ማዕዘን ደረሱ።

"ይህስ የማነው?"

"ያንቺ።"

"የእኛ ማለትህ ነው?"

"የእኛ መኝታ ያ ነው። ይህ ያንቺ ብቻ ነው።"

ኖራው የተቋረጠበትን ቦታ በእግሯ ነካችው።

"ይህ ምንድን ነው?"

"በር።"

"ወዴት የሚከፈት?"

"ወደ መንገድ።"

ፊቷ ተለወጠ። ስንሻው የሚያየው መሬቱን ነበርና አላየም።

"ማን ነው እንዲህ ይሁን ያለው?"

"እመይ ናት" አለ፤ በኩራት ነበር ያለው።

በእኛ አገር ለመንገድ የሚከፈት ክፍል የሚሠራው ለተከራይ ነው። ወይም ለቀን ሠራተኛ፣ ወይም ለመጠጥ ሻጭ። የቤት ሰው በግቢ በር ይገባል። ስንሻው በአባቱ ግቢ ያደገ ነው፤ ተከራይቶ አያውቅም፣ ስለዚህም አላሰበውም። ትርንጎ ግን ከተማሪነቷ ጀምሮ የኖረችው እንዲህ ባለ ክፍል ነው።

እግሯን ከኖራው አወጣች።

"ተረኛ ነኝ። ልሂድ" አለች።

የጫማዋ ነጭ ዱካ እስከ አስፋልቱ ድረስ ይታይ ነበር። ስንሻው ደክሟት ነው አለ። ማታ ግን ደወለላት።

ትርንጎ የምትኖረው መናኸሪያው አጠገብ፣ ሙባረካ ቤት ነው። ሙባረካ ከፊት ፉል ትሸጣለች፣ ከጎን በተርታ የሠራቻቸውን ክፍሎች ታከራያለች። ትርንጎ ቀን ልተኛ ብትል የሚያስተኛት የለም። የታመመ ያንኳኳል። የመድኃኒት ወረቀት የሚያስነብብ ያንኳኳል። ውኃ ሻጭ ያንኳኳል። የሚኒባስ ጠሪዎች ጎንደር ጎንደር እያሉ ይጮኻሉ።

ያን ሰሞን ግን የነሳት ጩኸት አይደለም። ስንሻው ሲደውል አታነሳም። አንድ ከሰዓት ሙባረካ ሳህን ይዛ ገባች።

"ብዪ። ባል የሌላት ሴት ፉል መተው አያምርባትም።"

"አልበላም።"

"ምን አደረገሽ? ሰውየው ብሎኬት እያስቆለለ ነው አሉ።"

ነገረቻት። ሙባረካ ሳቀች።

"እምቢ ካልሽው ለእኔ ይስጠኝ። ወላሂ፣ ለመንገድ ቢከፈት ምን ገዶኝ፣ ፉሌን እሸጥበታለሁ።"

"አትቀልጂ፣ ሙባረካ።"

"እሺ፣ አልቀልድም። ጠይቂው ታዲያ።"

"ምን ልጠይቀው? አባቴ በራቸውን ልመልስ ብሎ ሲሄድ እጁን አልተቀበሉትም። ዕድሜውን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ኖረ። አሁን ደግሞ ለልጁ የተለየ በር ሠሩ። ልጃቸውን እምቢ ማለት ስላልቻሉ ቤት ውስጥ ተከራይ አደረጉኝ።"

ሙባረካ ወደ በሩ ዞረች። ሳህኑን ትታላት ወጣች። ትርንጎ ወረቀት አወጣች።

"ስንሻው፣ ቤትህ ያምራል፤ ለሁሉም ቦታ አለው። እኔ ግን ዕድሜዬን ለመንገድ በሚከፈት ክፍል ኖሬያለሁ። ባንተ ቤት በግቢ በር የምገባ መስሎኝ ነበር። እናትህ አባቴን በበራቸው አስወጥተው አተረፉት፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። እኔን ለማስወጣት ግን በር መሥራት አያስፈልጋቸውም። ራሴ ወጥቻለሁ። ትርንጎ።"

ስንሻው ደብዳቤውን ያነበበው ግድግዳው የሰው ቁመት ሲደርስ ነው። ቆሞ አነበበ። አጥፎ ኪሱ ከተተው። እንደገና አውጥቶ አነበበ።

"ኸሊል፣ ያንን በር ድፈነው።"

"የትኛውን?"

"የመንገዱን።"

"መቃኑን ላቆም ነው እኮ! ምን ነካህ?"

"ድፈነው አልኩህ።"

"ወንድሜ፣ መድፈን ቀላል ነው። ሲሚንቶ ከደረቀ በኋላ መጸጸት ነው የሚከብደው።"

ስንሻው ለትርንጎ መልስ ለመጻፍ ደጋግሞ ተቀመጠ። ቃሉ አልመጣለትም። ራሴ ወጥቻለሁ ለሚል ሰው ምን ይባላል? በሩን ከደፈንኩ ይገባታል አለ። ብሎኬቱ ሲደረደር ቆሞ አየ። የመጨረሻው ብሎኬት ሲገባ ደረቱ ላይ የገባ መሰለው።

በመጋቢት እታፈራሁ ቤቱን ልታይ ከሽንፋ መጣች። በየክፍሉ ዞረች። የአፈሩን ወለል በእግሯ ረግጣ "ደህና" አለች። ራቅ ያለው ማዕዘን ላይ ስትደርስ ቆመች። ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰችው።

"በሩ የታለ?"

"ደፈንኩት።"

"ለምን?"

ነገራት። ደብዳቤውን አውጥቶ አነበበላት። እናቱ ዓይኑን አላየችም። ግድግዳውን ነው ያየችው።

"ልጅቷ የት ነው የምትኖረው?" አለች።

"መናኸሪያው ጋ፣ ሙባረካ ቤት። ላድርስሽ።"

"አንተ እዚሁ ሁን። እስካሁን አንተ የተናገርከው በቂ ነው።"

ጥላዋን ዘርግታ፣ ዘንጓን ይዛ ወጣች።

ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ሙባረካ የፉል ድስቷን ስታማስል አንዲት ነጭ የለበሰች አሮጊት ወደ ትርንጎ በር ስትሄድ አየች።

"እማማ፣ ተኝታለች! ሌሊቱን ስታዋልድ አድራ አሁን ነው የገባችው። ግን ያንኳኩ፣ ሁሉም ያንኳኳል።"

እታፈራሁ እጇን አንስታ ነበር። አወረደችው።

"በርጩማ አለሽ?" አለች።

ሙባረካ አመጣችላት። እታፈራሁ በርጩማውን በሩ ፊት አድርጋ፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተቀመጠች። ዘንጓን ጉልበቷ ላይ አጋደመች።

አንድ ሰው የመድኃኒት ወረቀት ይዞ መጣ።

"ሲስተር አለች?"

"ተኝታለች።"

"ለአፍታ ነው።"

"ለአፍታ ከሆነ አፍታ ቆይ።"

አንዲት ሴት ልጇን አዝላ መጣች። እታፈራሁ ሕፃኑን ነካችው። "ይህስ ትኩሳት አለው። ጤና ጣቢያ ሰው አለ፤ በቶሎ ውሰጂው" አለችና ሸኘቻት። ውኃ ሻጩን በዘንጓ አመለከተችው፤ ጋሪውን ወደ ኋላ ገፋ። የሚኒባሱ ጠሪ "ጎንደር! ጎንደር!" እያለ ሲቀርብ ጠራችው።

"ጎንደር የት እንዳለ ሁሉም ያውቃል። አትጩህ።"

"እማማ፣ ሥራዬ ነው እኮ።"

"ወዲያ ሄደህ ሥራው።"

ሰውየው እየሳቀ ሄደ። ቀጥሎ አንድ ፖሊስ መጥቶ ሊያንኳኳ እጁን በትከሻዋ በላይ ሰደደ። ዘንጉ መንገድ ላይ አገኘው።

"እናቴ፣ እርስዎ ማን ነዎት?"

"በሯ ነኝ" አለች እታፈራሁ።

ሙባረካ ልትስቅ ነበር። የአሮጊቷን ፊት አይታ ተወችው። ዘወር ብላ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ትርንጎን የቀሰቀሳት ጸጥታው ነው። ፀሐዩ አዘቅዝቋል። እንዲህ ተኝታ አታውቅም፤ ደነገጠች። በሩን ስትከፍት የነጠላ ጀርባ አየች።

"እማማ እታፈራሁ! በሰላም ነው? መቼ መጡ?"

"ቆየሁ።"

"ምነው ሳያንኳኩ?"

"ያንኳኳማ ሞልቷል።"

ደግፋ አስገባቻት። አልጋው ላይ አስቀምጣት ውኃ ሰጠቻት። ራሷ ግድግዳው ጥግ አንገቷን ደፍታ ቆመች።

"አንገትሽን ቀና አድርጊ" አለች እታፈራሁ። "የአባትሽ ይበቃኛል።"

ቀና አለች።

"ያንን በር እኔ ነኝ ይሁን ያልኩት።"

"አውቃለሁ።"

"አታውቂም። ተቀመጪ።"

ተቀመጠች። እታፈራሁ ውኃውን ጠጥታ ጨረሰችና ጣሳውን መሬት ላይ አኖረች።

"በሬ የሄደ ጊዜ ጎሹ ገለጉ ቀርቶ ነበር፤ መንገዱ ተቆርጦበት። እኔና ልጁ ብቻ ነበርን። ጆንያ ሰቀልኩ። ጅብ ጆንያ አይፈራም። ልጄ እንዲተኛ ብዬ ዱላ ይዤ መግቢያው ላይ ተቀመጥኩ። ክረምቱን ሙሉ እንዲያ ነው። ቀኑን ደግሞ አረም አለ፣ በሽተኛ አለ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ምን እንደሚሆን ያን ጊዜ አየሁት። ልጄን ያለ ጥፋቱ መታሁት። እግዜርን ተናገርኩት። ይህን ከነፍስ አባቴ በቀር የሚያውቅ የለም።"

ትርንጎ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

"በአንቺ እጅ ላይ ነፍስ አለ" አለች አሮጊቷ። "ከሥራ ስትመጪ በእኔ ደጅ፣ በዶሮዬና በእንግዳዬ መሃል ልታልፊ ነው። ምራት ናትና ትቀመጥ ይላሉ። ውኃ ታቅርብ ይላሉ። እኔም እላለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ማንንም ሳታገኚ ገብተሽ እንድትተኚ ብዬ ነው። ደግሞ ክፍሉ በውስጥ በኩል ሌላ በር አለው፤ ስትነቂ ወደ እኛ የምትመጪበት። አልነገረሽም?"

"አልነገረኝም።"

"ዱዳ ወለድኩ።"

ትርንጎ ሳቋና እንባዋ አንድ ላይ መጣ።

"እኔ እኮ… ለመንገድ የተከፈተ ሲሆን…"

"መንገዱ የምትመጪበት ነው፣ ልጄ። የምንሸኝሽበት አይደለም።"

ራሷን አሮጊቷ ጉልበት ላይ ጣለች። እታፈራሁ ጠጉሯን ዳሰሰች። እጇ ሸካራ ነበር። ትርንጎ እናቷን ከቀበረች ወዲህ እንዲህ የዳሰሳት ሰው አልነበረም።

"አሁን አንድ ነገር ቀርቷል" አለች እታፈራሁ ቆይታ። "ለዚያ ክፍል በር ያስፈልጋል። ቆርቆሮ አልፈልግም፤ ይንቋቋል፣ አያስተኛሽም። አባትሽ አግዳሚው ላይ የጫነው ጣውላ አለ አይደል?"

ትርንጎ ቀና ብላ አየቻት።

"እርስዎ አልቀበልም ብለው…"

"ብያለሁ። ለሰማይ ያኖርኩት ነበር። ለእኔ የቀረኝ ስንቅ እሱ ነው ብዬ።" ጣሳውን አንስታ መልሳ አኖረች፤ ቃሉን ለማውጣት የከበዳት ይመስል ነበር። "ዛሬ በርሽ ላይ ተቀምጬ ሳስበው ግን፣ ሰውየውን ዕድሜውን ሙሉ አንገቱን አስደፍቼ የያዝኩት ጽድቅ ምን ጽድቅ ነው? ንገሪው። እታፈራሁ በሯን ትፈልጋለች በይው።"

ትርንጎ ቤቱ ጋ ስትደርስ ስንሻው ጣሪያ የሌለው ራኩባ ሥር፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሲያያት ተነሳ። በአጠገቡ አልፋ ወደ ተደፈነው ግድግዳ ሄደች።

"መዶሻ አለ?"

"ለምን?"

"አፍርሰው።"

ኸሊል ሻዩን ይዞ ከወዲያ ሳቀ። "ኸላስ፣ በቃ! እኔ ልገንባ፣ እናንተ አፍርሱ። ይህ ቤት ጡረታዬ ሊሆን ነው።" ብሎ ለሁለቱ ቦታ ለቀቀ።

"ለምን አልነገርከኝም?" አለች።

"ምኑን?"

"ለእንቅልፌ መሆኑን።"

"የምታውቂ መስሎኝ።"

"እንዴት ልወቅ?"

"ድንበር ድረስ የሄድኩት ለምን መሰለሽ?"

ዓይኗ ሞላ። እሱ መሬቱን ሊያይ ነበር። አላየም። እሷን አየ።

"ትርንጎ፣ እኔ መናገር አልችልም። ሌላው ዓይንሽን ያወድስ፣ ጥርስሽን ያወድስ። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። አንቺ ስትተኚ ዓለሙ ሁሉ ዝም እንዲል እፈልጋለሁ። በቃል ስላልሆነልኝ በብሎኬት ልለው ብዬ ነበር።"

"ብለኸዋል። እኔ ነኝ ያልሰማሁት።"

"በሩን ስደፍን…"

"አትንገረኝ። አውቀዋለሁ፤ እኔም ስጽፍ እንደዚያው ነበርኩ።" አንድ እርምጃ ቀረበችው። "አሁን ሌላውን አሳየኝ። ስነቃ የምመጣበት በር የትኛው ነው?"

አሳያት። ገና መቃን ያልቆመለት ክፍት ቦታ ነው። ራኩባውን ያያል። ትርንጎ በዚያ ወጣች፤ ተመልሳ ገባች፤ እንደገና ወጣች። ስንሻው ሲያያት ቤቱ ያለ ጣሪያ ያለቀ መሰለው።

ሽማግሌ ተላከ። ለሽማግሌዎቹ እሺ ከማለቱ በፊት መለሰ ልጁን ለብቻዋ ጠራት።

"እንዴት ነው ያሉሽ? እንደገና በይው።"

"እታፈራሁ በሯን ትፈልጋለች።"

"ትፈልጋለች አሉሽ?"

"አዎ፣ አባዬ። ራሳቸው።"

መለሰ መሰላል አቆመ። ማንም እንዲወጣለት አልፈቀደም። ጣውላዎቹ ጭስ ጠጥተው ጠቁረዋል። በጣቱ ሲመታቸው ጮሁ፤ ደርቀዋል። አናጺው ሲልጋቸው ቀዩ የዋንዛ መልክ ወጣ። መለሰ ሥራው እስኪያልቅ ከአናጺው አጠገብ አልተነሳም።

በሩን ወደ ሸሕዲ ይዘው የሄዱት በስንሻው ትራክተር ተሳቢ ላይ ነው። መለሰ ከፊት ተቀመጥ ቢሉት እምቢ አለ፤ ተሳቢው ላይ ከበሩ ጋር ተቀመጠ። በጋ ነበርና ሽንፋ ወንዝ ጎማ አያረጥብም ነበር። ሲሻገሩ ግን መለሰ ሁለት እጁን በሩ ላይ አድርጎ ያዘው። ወዲያ ማዶ እስኪወጡ አልለቀቀውም።

ቤቱ ጣሪያ ለብሷል። ኸሊል ማጠፊያውን ገጠመ። ትርንጎ ከሥራ አድራ በዚያው መጥታ ነበር፤ ዓይኗ ቀልቷል። እታፈራሁ ከመንገዱ በኩል ቆማለች። መለሰ እንደ ልማዱ አንገቱን ደፋ።

"እመቤቴ፣ በርዎን አምጥቻለሁ።"

እታፈራሁ ቀርባ ጣውላውን ዳሰሰችው። ከፈተችው። ዘጋችው። ነፋስ ነበር፤ በሩ ግን አልተንቋቋም።

"ግቢ" አለቻት ትርንጎን።

ትርንጎ ገባች፤ ከውስጥ ዘጋችው። ውጭ ያሉት ቆመው ጠበቁ። ድምፅ የለም። ቆይቶ ስንሻው በሌላው በር ዞሮ አይቶ መጣ። ጫማውን በእጁ ይዞ ነበር የመጣው።

"ተኝታለች" አለ በሹክሹክታ።

"ኸሊል፣ መዶሻህን አስቀምጥ" አለች እታፈራሁ። ከዚያ ወደ መለሰ ዞረች።

"ያኛው እንዲህ አልነበረም" አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ይህ ይበልጠዋል። ተቀብያለሁ፣ መለሰ።"

መለሰ አንገቱን ቀና አደረገ። ከዚያ ክረምት ወዲህ ፊቷን ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነው። አርጅታለች። እሱም አርጅቷል።